እምቢ የሚል ሰው ፍለጋ ወደ ቦኬ

ማክሰኞ ንጋት፣ ከአዲስ አበባ እስከ አዋሽ

ሾፌራችን ጋሽ ንጉሤ ጡሩምባውን ሲያንባርቀው የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ተነሣ፤ እኔ ግን ሻንጣዬን ይዤ በር ላይ ቆሜያለሁ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ላንድሮቨሩ ውስጥ ጀሪካን ቤንዚን፣ የመድኃኒት ሣጥን፣ ጥቁር ሰሌዳ ከነጠመኔው፣ የጋሽ ንጉሤ ብርድ ልብስና ትሪ የሚያህል ድፎ ዳቦ ተጭኗል።

«ሐረርጌ ምግብ የለም እንዴ ጋሼ?» አልኩት።

«ሞልቷል። ባለቤቴ ግን ከእሷ ዳቦ ሌላ የሚበላ ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስላትም» አለና ሞተሩን አስነሣ።

ዘመኑን ላላየ ሰው ልንገር። ደርግ ነው፤ ስብሰባ ከእንጀራ የሚበዛበት ጊዜ። ዛሬ ጭሮ የምትባለው ከተማ ያኔ አሰበ ተፈሪ ናት። እኔ ነርሶችን የማስተምር ነርስ ነኝ። በምዕራብ ሐረርጌ ቆላማ ቀበሌዎች ከሕፃናት ጣት ጠብታ ደም እየተወሰደ ስለ ወባ ሊጠና ታስቧል። ደሙን የሚወስዱት የአካባቢው ጤና ረዳቶች ናቸው። የእኔ ሥራ ለእነርሱ የምርምር ሥነ ምግባር ማስተማር ነው፤ እናት ልጇን ከመስጠቷ በፊት እንዴት እንደምትጠየቅ፣ እምቢ ያለችዋ እንዴት እንደምትሸኝ፣ የሰው ምስጢር እንዴት እንደሚያዝ።

አለቃዬ መጀመሪያ ሲሰሙ ሳቁብኝ። «ለዚህ ደግሞ ሥልጠና? ‹እጅሽን አምጪ› ማለት ምን ያህል ይከብዳል?» አሉ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ አንድ ሳምንትና አንድ መኪና ጠየቅኳቸው። እየሳቁ ሰጡኝ። እግዜር ይስጣቸው፤ የሳቀብኝ ሁሉ እንደሳቸው በሰጠኝ።

ናዝሬት ላይ ቁርስ በላን፤ ፍርፍር በቃሪያ። መተሐራ ስንደርስ ያ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሙቀቱን ፊታችን ላይ ይተፋው ጀመር። ሹራቤን አወለቅኩ፣ ነጠላዬን አወለቅኩ፣ ከዚያ በኋላ የማወልቀው ስላልነበረ ዝም ብዬ ላቤን ጠረግኩ። አዋሽ ኬላ ላይ አንድ ወታደር የይለፍ ወረቀታችንን ገልብጦም አቃንቶም አየው።

«ምን ልታስተምሪ ነው የምትሄጂው?»

እኔም ሞኝ፣ እውነቱን ነገርኩት። «ሰው ሲጠየቅ እምቢ ማለት እንደሚችል።»

ወታደሩ ቀና አለ። ነገሩ ሊበላሽ መሆኑን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ጋሽ ንጉሤ በእኔ ላይ ተንጠራርቶ በመስኮቱ ብቅ አለና «ወባን ነው ጓድ! ወባን እምቢ በሉ ነው የምትላቸው» አለ። ወታደሩም ሳቀ፤ ለካ እሱንም ወባ ደጋግሞ ይዞት ያውቃል። የራስ ምታት ክኒን ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት፣ ሰንሰለቱን አወረደልን።

ጋሽ ንጉሤ ድልድዩን አሻገረን። ከዚያ «ሲስተር» አለኝ፣ «እሱን ነገር አዳራሽ ውስጥ ያስተምሩት፤ ኬላ ላይ አይጀምሩት።» ስለዚህች ምክሩ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ከአሰቦት እስከ አሰበ ተፈሪ

አሰቦት ላይ ጋሽ ንጉሤ መኪናውን አዘግይቶ ባርኔጣውን አወለቀና ወደ ገዳሙ ተራራ ተሳለመ። በመንገዱ ዳር በትር የያዙ ምዕመናን ከግራር ጥላ ሥር ቁጭ ብለዋል፤ ከእነርሱ ትንሽ ራቅ ብሎ የግመል መንጋ እሾህ ይቆረጥማል። ሚኤሶ የግመል ወተት ጠጣን። ጭስ ጭስ ይላል፤ ለለመደው ደግ ነው፤ እኔ ሁለተኛ ቅጂልኝ አላልኩም። ሻጯ ግን ፊቴን አይታ ሳቀችና ሙዝ ጨመረችልኝ።

ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣል። አየሩ ተለወጠ። እርከኑ ላይ ማሽላ፣ ከማሽላው በላይ ጫት፣ ከጫቱ በላይ ጉም። የጫት መኪኖች እየከነፉ ሲያልፉን ጋሽ ንጉሤ ጠርዝ ይዞ ይቆምና «እነዚህ ሰዎች ሰማይ ቤት ቀጠሮ አላቸው መሰል» ይላል። አሰበ ተፈሪ ስንደርስ ጀንበር ልትጠልቅ ነው። ያረፍንበት ቤት ባለቤት፣ የከተማው የጥንት ነዋሪ የሆኑ ትልቅ ሴት፣ ለእግራችን የሞቀ ውኃ በሳፋ አቀረቡልን። ሳልጠይቃቸው ነው ያቀረቡት።

ረቡዕና ሐሙስ፣ አሰበ ተፈሪ

ሠልጣኞቹ ከበዴሳ፣ ከገለምሶ፣ ከሚኤሶና ከቦኬ የመጡ ናቸው። ጎበዞች ናቸው። መርፌ ሲወጉ እጃቸው አይንቀጠቀጥም፤ አማርኛና ኦሮምኛውን በአንድ አረፍተ ነገር ውስጥ አጋብተው ይናገሩታል። ከሁሉም ግን ፀጋዬ ይለያል። የአሰበ ተፈሪ የነጋዴ ልጅ ነው፤ ኦሮምኛን ከአባቱ ሱቅ ባንኮኒ ላይ ተምሮታል፤ የሚሠራው ቦኬ ነው። በወጣት ማኅበር ስብሰባ ላይ ንግግር በማሳመር የታወቀ ነው። ስሙን ልጻፍ ብዬ ጠይቄው «በትልቁ ይጻፉት» ብሎኛል።

ረቡዕ ከሰዓት የጋሽ ንጉሤን ብርድ ልብስ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን ታቀፍኩና «እኔ እናት ነኝ፤ ይሄ ልጄ ነው፤ ና ፈቃድ ጠይቀኝ» አልኩት።

ፀጋዬ ኮቱን ቆለፈ። ወደ እኔ አልመጣም፤ ወደ አዳራሹ ዞረ።

«የተከበራችሁ የቀበሌያችን ጭቁን አርሶ አደሮች!» ብሎ ጀመረ። ስለ ወባ ተናገረ፣ ስለ ልማት ተናገረ፣ ስለ ሕፃናት ደም ጥቅም ተናገረ። አንደበቱ ማር ነው። ሲጨርስ «የሚደግፍ?» አለ። እጅ ሁሉ ወጣ። «የሚቃወም?» ዝም። «ድምፀ ተአቅቦ?» ዝም። «እንግዲያው በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!» ጭብጨባው ጣሪያውን አናጋው።

እኔ ብርድ ልብሱን እንደታቀፍኩ ቀረሁ።

«ፀጋዬ፣ ልጁ የማን ነው?»

«የእርስዎ።»

«ታዲያ እኔን መች ጠየቅከኝ?»

«እጅዎን አውጥተዋል እኮ ሲስተር» አለኝ።

ለካ አውጥቼ ኖሯል! ሁሉም ሲያወጣ የእኔም እጅ ሳላዘው ወጥቷል፤ እስካሁንም አልወረደም። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም። በስብሰባ ላይ የወጣ እጅ ምን ያህል የባለቤቱ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ የሁሉም እጅ ወጥቶ ያውቃል።

ክርክሩ የጦፈው ሐሙስ ነው። ከገለምሶ የመጣው ልጅ ተነሣና «እናትየዋ እምቢ ካለች ምን እናደርጋለን?» አለ።

«ትሄዳለቻ።»

«ልጇ ታሞ ከሆነስ? መድኃኒት ፈልጋ መጥታ ከሆነ?»

«አክማችሁላት ትሄዳለች።»

አዳራሹ አጉረመረመ። «እንዲህማ ከሆነ እሺ የሚለን ማን ነው?» አለ ፀጋዬ። ጥያቄው የእውነት ነበር። እዚያ አገር መድኃኒት እንዲሁ አይገኝም፤ የያዝነው ሣጥን ለአንዳንዷ እናት ከሩቅ የሚታይ ተስፋ ነው። ሣጥኑን አሳይቶ ደም የሚጠይቅ ሰው ጠየቀ አይባልም።

«የፈለገ እሺ ይላል» አልኩት። «ነገ ቦኬ እንወርዳለን። ስንት ሰው እሺ እንዳለህ አልቆጥርልህም። አንዲት እናት እምቢ ስትልህ አመስግነህ፣ እሺ ካለችህ እኩል ልጇን ካከምክላት አልፈሃል። ይህን ማድረግ ካቃታችሁ ግን ጥናቱ እዚህ አካባቢ እንዳይጀመር ብዬ እጽፋለሁ።» ፀጋዬ ጠመኔውን በጣቱ ሲያሽ ቆየ።

ዓርብ፣ ቦኬ

የሚሠራው እዚያ ስለሆነ ከሠልጣኞቹ ፀጋዬን ብቻ ይዘን በጉሙ ውስጥ የቁኒን ከተማ አለፍን። ከዚያ መንገዱ ድንጋይ ነው፤ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ወረድን። የአህያ ጭነት፣ የማገዶ ሸክም፣ ቢጫና ቀይ ሻሽ ያሰሩ ሴቶች በጠርዙ ላይ ይወጣሉ። የደረስንበትን ቀበሌ ስም አልጽፍም። የገበሬ ማኅበሩንም ሊቀመንበር ኦቦ ሙሜ ልበለውና ልለፍ፤ ትክክለኛ ስሙ ሌላ ነው።

ኦቦ ሙሜ ሕዝቡን ከዋርካው ሥር ሰብስቦ ጠበቀን። ቁመተ ረጅም፣ ሽክ ያለ ሰው ነው።

«ጓድ ሲስተር፣ እንኳን ደህና መጣሽ» አለኝ። «ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ አለ። እሺ የሚል በዚህ በኩል ተቀምጧል። እምቢ የሚል ደግሞ፣ ፀጋዬ ትላንት በጫት መኪና ያስፈልጋል ብሎ ስለላከ፣ ሁለት ሰው መድበናል።»

ፀጋዬን አየሁት። ፀጋዬ መሬት አየ።

ከተመደቡት አንዱ ጢማቸው በሂና የቀላ ሽማግሌ ነበሩ። ለብቻቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ደስ ያላቸው አይመስሉም። ቀረብ ብዬ «አባቴ፣ እርስዎ እምቢ ይላሉ?» አልኳቸው።

«ወላሂ እኔ እሺ ማለት ነበር የምፈልገው» አሉኝ። «የልጄ ልጅ ወባ ይዞት ያውቃል፤ ቢጠና ደስ ይለኛል። ግን ምን ላድርግ፣ ትላንት ማታ ተመረጥኩ።»

«ማን መረጠዎት?»

«ሕዝቡ። በሙሉ ድምፅ።»

እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ፤ ጋሽ ንጉሤ መሪው ላይ ተደፍቶ ትከሻው ይርገፈገፋል። ኦቦ ሙሜ ብቻ አልሳቀም። እውነቱን ለመናገር ክፉ ሰው አይደለም። ከላይ ኮታ ሲወርድበት ማሟላት ነው የለመደው። እህል ቢሉት እህል፣ ሰው ቢሉት ሰው፤ እምቢ ባይ አምጣ የተባለ ስለመሰለው ደግሞ እምቢ ባይ አሟላ። ሽማግሌውንና ሁለተኛውን ተመዳቢ ከምደባቸው አስለቅቄ ኦቦ ሙሜን ወደ ጎን ወሰድኩት።

«አንድ ከባድ ሥራ ልሰጥህ ነው» አልኩት። «እያንዳንዷ እናት ለብቻዋ ስትጠየቅ ማንም እንዳይሰማ ሕዝቡን ከዋርካው ሥር ያዝልኝ።» ከባድ ሥራ መባሉን ወደደው፤ ሄደ።

ፀጋዬ ከቁልቋሉ አጥር ጥግ ሁለት በርጩማ አስቀመጠ። የመጀመሪያዎቹ እናቶች ጥያቄውን እንኳ ሳይጨርስ እሺ አሉት፤ ዓይናቸው ግን ሣጥኑ ላይ ነው። ፀጋዬም ይህን አየ። ሣጥኑን ዘግቶ ከበርጩማው ኋላ አደረገውና «መጀመሪያ የታመመውን አክማለሁ፤ ደሙ ሌላ ጥያቄ ነው» እያለ እንደገና ይጠይቃቸው ጀመር። በልቤ ጎበዝ አልኩት።

ከዚያ አንዲት ሴት ልጇን አዝላ መጣች። ልጁ ታሟል። በምን እንደታመመ አልናገርም። ፀጋዬ በኦሮምኛ፣ ያን የስብሰባ ድምፁን ትቶ ቀስ ብሎ አስረዳት፤ ደሙ ስንት እንደሆነ፣ የት እንደሚሄድ፣ ለልጁ ዛሬ የሚያመጣለት ጥቅም እንደሌለ፣ ነገ ለሌሎች ሊጠቅም እንደሚችል። አንገቷን ደፍታ ሰማችው። ከዚያ ቀና ብላ «ለኪ» አለች። አይሆንም ማለቷ ነው።

እኔ ከአጥሩ ማዶ ተቀምጫለሁ። ኦሮምኛ ጥቂት እሰማለሁ፤ ያመለጠኝን ፀጋዬ ኋላ ተርጉሞልኛል።

ኦቦ ሙሜ ከዋርካው ሥር መጥቶ ኖሮ ሰማት። «ምን አልሽ?» አለና ወደ ፀጋዬ ዞረ። «እምቢ ካለች መድኃኒትም የላትም። ከማኅበሩ ሱቅ ስኳርም የላትም። ይህን ጻፍ።» ሴትዮዋ ልጇን ከጀርባዋ ወደ ደረቷ አዞረች። አልሄደችም። ሕዝቡ ከዋርካው ሥር አንገቱን አስግጎ ያያል።

ተነሥቼ ልናገር ምላሴ ተቁነጠነጠ። ነከስኩት። ነገ እኔ እሄዳለሁ፤ ከኦቦ ሙሜ ጋር የሚኖረው ፀጋዬ ነው። ፀጋዬም ይህን ያውቃል፤ ላቡ በጆሮ ግንዱ ሲወርድ አየዋለሁ። እምቢ ባይን አቀፈ ተብሎ ወደ ወረዳ ቢጻፍበት የሚጠብቀው ነገር ቀላል አይደለም።

ብድግ አለ። ንግግር ያደርጋል ብዬ ፈራሁ፤ አላደረገም።

«ኦቦ ሙሜ፣ የጠየቅኳት እኔ ነኝ» አለ። «የመለሰችውም ለእኔ ነው። ለማኅበሩ አይደለም።»

ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞሮ «ገላቶሚ» አላት። አመሰግናለሁ ማለቱ ነው። ሣጥኑን ከፈተ፣ ልጁን ተቀብሎ ጭኑ ላይ አስተኛ፣ ሆዱን ዳሰሰ፣ ዓይኑን አየ። መድኃኒቱን አውጥቶ ጠዋትና ማታ እንዴት እንደምትሰጠው ሁለት ጊዜ አስረዳት። ሴትዮዋ እጇን አልዘረጋችም።

«ይህን ወስጄ ስሄድ ነገ መጥታችሁ ደም ትላላችሁ?» አለችው።

«አንልም።»

«ከነገ ወዲያስ?»

«አንልም። እምቢ ብለሻል፤ አለቀ።»

ተቀበለችው። በሻሿ ጫፍ ቋጠረችውና ልጇን አዝላ ሄደች። ለምን እምቢ እንዳለች አልጠየቅናትም፤ መጠየቅም የእኛ ፋንታ አልነበረም። እኔ ግን አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ፀጋዬን አቅፌ ብስመው ደስ ባለኝ፤ በሕዝብ ፊት ላሳፍረው ስላልፈለግኩ ነጠላዬን አስተካከልኩ።

ከእሷ በኋላ የመጡት እናቶች ሌላ ሰዎች ሆኑ። ይጠይቃሉ። ደሙ ይመለሳል ወይ፣ ልጁ ይደክማል ወይ፣ የት ከተማ ይሄዳል። አንዳንዶቹ እምቢ አሉና መድኃኒታቸውን ይዘው ሄዱ። እሺ ያሉት ደግሞ ዓይናቸው ሣጥኑ ላይ ሳይሆን ፀጋዬ ፊት ላይ ሆኖ እሺ አሉ። ቀይ ጢማሙ ሽማግሌ ምራታቸውን ከነልጇ ይዘው መጥተው ራቅ ብለው ቆሙላት።

ኦቦ ሙሜ እስኪመሽ አኮረፈ። ልንለያይ ስንል ግን ወደ እኔ ተጠጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጓድ ሲስተር፣ የእኔም ልጆች አሉ። እናታቸውም መጠየቅ አለባት?»

«አለባት።»

«እምቢ ብትልስ?»

«ገላቶሚ ትላታለህ።»

አሰበበት። «ለሚስት?» አለኝ። ስኳሩን ግን ለሴትዮዋ እንደማይከለክላት በአላህ ስም ቃል ገባልኝ። ፀጋዬ ከዚያ በኋላ እየተከታተለ ቃሉን መጠበቁን ጽፎልኛል። ኦቦ ሙሜንም አመሰግነዋለሁ፤ በዚያ ዘመን በሕዝብ ፊት የተናገረውን ያጠፈ ሊቀመንበር ብዙ አላየሁም።

ቅዳሜ፣ ከቦኬ ወደ ቤት

ጋሽ ንጉሤ በጠዋት ሞተሩን አሙቋል። አዋሽ ኬላ ሳይመሽ መድረስ አለብን። እኔ ግን አንድ ነገር ቀርቶኛል። ይህን ጉዞ አንድ ቀን ጋዜጣ ላይ ለማውጣት አስቤያለሁ፤ ያለዚያች ሴት ደግሞ የምጽፈው ጉዞ የለኝም። ሦስት ቀን ሙሉ ሳትጠይቁ አትውሰዱ ስል ከርሜ የእሷን ነገር በሻንጣዬ ይዤ ልሄድ አልችልም።

«አሁን ወደ ላይ፣ ሴትዮዋ ቤት ሊወጡ?» አለኝ ጋሽ ንጉሤ። «እምቢ ብትልዎትስ?»

«ገላቶሚ ብያት እወርዳለሁ።»

«ቤንዚኑንስ ማን ገላቶሚ ይለዋል» አለና ሞተሩን አጠፋ።

ከፀጋዬ ጋር በእግር ወጣን። ሴትዮዋ ደጃፏ ላይ ማሽላ ታበጥራለች። ልጁ አጠገቧ ተቀምጦ ፍሬ ይለቅማል፤ ትላንት መቀመጥ አልቻለም ነበር። እኛን ስታይ ፊቷ ተለወጠ፤ እጇ ወደ ልጁ ሄደ። ፀጋዬ ከሩቅ ቆሞ «ለደም አይደለም» አላት። ያን ጊዜ አስገባችን። ሆጃ አመጣችልን፤ ከቡና ገለባና ከወተት የሚፈላ የሐረርጌ መጠጥ ነው፤ ሁለተኛ አስቀዳሁ።

የመጣሁበትን ነገርኳት። ፀጋዬ ተረጎመ። ትላንት ያደረግሽውን በወረቀት ላይ መጻፍ እፈልጋለሁ፣ የማያውቁሽ ሰዎች በሩቅ አገር ያነቡታል፣ እምቢ ብትዪኝ አልጽፍም፣ የሚቀርብሽም ነገር የለም አልኳት። ማበጠሯን ቀጠለች። ገለባው በነፋስ እየሄደ ፍሬው ይቀራል። እኔ የሕይወቴን ፈተና የተቀመጥኩ ያህል እጄን አጣምሬ ጠበቅኩ።

በመጨረሻ ሰፌዱን አስቀመጠች። ፀጋዬ እየሰማ ቀስ በቀስ ነገረኝ።

«ስሜን አትጻፊ ትላለች።»

«እሺ።»

«የልጇን በሽታ አትጻፊ።»

«እሺ።»

«ቤቷ የት እንደሆነ አትጻፊ። ለምን እምቢ እንዳለችም አትጻፊ፤ አልነገረችሽምና።»

«እሺ። ሌላስ?»

ሴትዮዋ ለፀጋዬ አንድ ነገር ተናገረች። ፀጋዬ ወደ እኔ ዞሮ ተረጎመልኝ።

ቁልቁል ወርደን መኪናው ጋ ስንደርስ ፀጋዬ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠኝ። «አለፍኩ?» አለኝ። ማለፉን ያውቀዋል፤ ከአፌ መስማት ፈልጎ ነው። «አልፈሃል ልጄ፤ ለእኔም አስተማሪ ሆንክልኝ» አልኩት። ጥናቱም ይጀመር ብዬ ጻፍኩ።

ጋሽ ንጉሤ አሰበ ተፈሪን አልፈን ቆላው እስኪጀምር አኩርፎ ነዳ። ሚኤሶ ላይ አላስቻለውም። «ስሟን አትጻፊ፣ በሽታውን አትጻፊ፣ ቤቷን አትጻፊ ካለችዎት ታዲያ ምን ቀረዎት?» አለኝ።

የቀረኝን፣ ፀጋዬ መጨረሻ ላይ የተረጎመልኝን የሴትዮዋን ቃል፣ ነገርኩት። «ይህን ግን ጻፊ፤ አንዲት ሴት ጠየቋት፣ እምቢ አለች፣ ልጇንም አከሙላት።»

ጋሽ ንጉሤ ከወንበሩ ኋላ እጁን ሰዶ ከዚያ ከደረቀ ድፎ ዳቦ ቆርሶ ሰጠኝ። አዲስ አበባ ስንገባ መንገዱ ላይ መብራት በርቷል።